ሜዳ ላይ ወጌሻ፣ ወረቀት ላይ ንብረት ጠባቂ

የጋሽ ሸዋንግዛውን መርዶ የነገሩኝ እርሳቸውን አይተዋቸው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጋምቤላ ውስጥ በነርስነት ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ሁለት ባልደረቦቼ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ደውሎ «በስልክ አይነገራትም፣ እባካችሁ ቤቷ ድረስ ሂዱልኝ» ብሏቸው ነው። በዚያ ሰዓት ደጄ ላይ ቆመው ሳያቸው እናቴ የሞተች መሰለኝ። የጋሼን ስም ሲጠሩልኝ ለአንድ አፍታ «ተመስገን» ማለቴን አልደብቅም። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«አባትሽ ናቸው?» አለችኝ ሴቲቱ።

«አይደሉም።»

«አጎትሽ?»

«ወጌሻችን ናቸው።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ለወጌሻ ነው እንዲህ?» አለ ሰውየው። ክፋት አልነበረበትም፤ እግሩ ወልቆ የማያውቅ ሰው ነው።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት የቀረጸበትን ቪዲዮ ላከልኝ። የሩጫ ክለባችን ሥራ አስኪያጅ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ የክለቡን የአበባ ጉንጉን ከአጠገቡ አስቁሞ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ ሰማሁ። «አቶ ሸዋንግዛው በክለባችን በንብረት ጠባቂነት በታማኝነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀው…» እዚህ ላይ ስልኩን ዘጋሁት።

ይህን ለመጻፍ ስነሣ ፈርቼ ነበር። አፈሩ ሳይደርቅ ቂም ማንሣት ለነፍሳቸውም ለነፍሴም አይበጅ ይሆናል ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ስም ጠርተሽ አትሳደቢ። ያየሽውን ውጠሽ ግን ለቁርባን አትቅረቢ» አሉኝ። ስለዚህ የበዳዮቹን ስም አልጠራም። ጋሼን የምታውቁ ሁሉ እነርሱንም ታውቋቸዋላችሁ።

ጋሽ ሸዋንግዛው የአንኮበር ሰው ናቸው። አባታቸውም ወጌሻ ነበሩ። ከዳገቱ የወደቀ፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለስ ከነአህያው የተንከባለለ ሁሉ ወደ እርሳቸው ደጅ ይመጣ ነበር። አባት ልጃቸውን ያስተማሩት ዓይናቸውን በመቀነት አስረው ነው። የበግ አጥንት አንድ በአንድ እያስጨበጡ «ይሄ ከየት ነው? ይሄስ ደኅና ነው ስንጥቅ?» ይሏቸው ነበር። በኋላ ደብረ ብርሃን ገብተው ለስፖርት ወጌሾች የሚሰጠውን ሥልጠና ወሰዱ፤ የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀትም በላስቲክ አስለብጠው ከራስጌያቸው ሰቀሉ።

ክለባችን ሲቀጥራቸው ግን በሥራ መደቡ ዝርዝር ውስጥ ወጌሻ የሚባል አልነበረም። «ለጊዜው» ተብሎ በንብረት ጠባቂነት ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ያ ለጊዜው የተባለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሄደ። ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ሲወድቅ አሠልጣኙም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ተመልካቹም «ወጌሻ!» ብሎ ነበር የሚጮኸው። ወር ሲደርስ የሚፈርሙት ግን በንብረት ጠባቂ ረድፍ ነበር። «ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አያስተካክሉም?» ስንላቸው ይስቁብናል። «ምኑ ይስተካከላል? የምጠብቀው ንብረት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

በረዶ ማቀዝቀዣ የሚሉት ነገር ክለቡ አልነበረውም። ጋሼ ውኃ በጀሪካን ሞልተው ውጭ ያሳድሩታል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር አመዳይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የጀሪካኑ አፍ በስስ በረዶ ተደፍኖ ይገኛል። ያንን በጣታቸው ሰብረው ያበጠ ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሲያፈሱት ስንጮህ «ዝም በይ፣ ይሄን ፈረንጅ በገንዘቡ ነው የሚገዛው» ይሉን ነበር። እጃቸውን ግን ሳያሞቁ ሰው ነክተው አያውቁም። መጀመሪያ ብብታቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ቀጥሎ ይጠይቃሉ፣ በመጨረሻ ይነካሉ።

እኔ በዚያ ክለብ ሦስት ሺህ ሜትር ስሮጥ ነበር። አንድ ክረምት ጉልበቴን አመመኝ፤ ከምርጫው እንዳልቀር ደብቄ ሮጥኩ። ጋሼ ስራመድ ብቻ አይተው ጠሩኝ። «አያመኝም» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን አንድ ቦታ አሳረፉና ዓይኔን አዩ። «አጥንት አይዋሽም። የሚዋሽ ባለ አጥንቱ ነው» አሉኝ። ያን ዓመት አልሮጥኩም። ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን «ይቺ ልጅ ጭንቅላቷ ከእግሯ ይሻላል፤ ትማር» ያሉት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ በነርስነት የምበላው እንጀራ የእርሳቸው ቃል ነው። ደግሞም በሁለት እግሬ ቆሜ ነው የምሠራው።

ከዓመታት በኋላ ዘሐራ የምትባል ሯጭ መጣች፤ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። የውድድሩ ዕለት ማለዳ ጋሼ ሜዳው ዳር ቅልጥሟን ዳሰሱና ተነሥተው ወደ አሠልጣኙ ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ፣ ከዘሐራ ጋር ያሟሟቁ የነበሩና በቦታው ቆመው የሰሙ ሦስት ሯጮች ናቸው።

«ይቺ ልጅ ዛሬ አትሮጥም» አሉ ጋሼ። «አጥንቷ ተሰንጥቋል። ከሮጠች ይሰበራል።»

«ራጅ አለህ እንዴ ጋሼ በጣትህ ውስጥ?» አለ አሠልጣኙ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። «አንተ ንብረትህን ጠብቅ።»

«ንብረቴን ነው የምጠብቀው። አታስሩጣት ብያለሁ፤ እናንተም ስሙ።» ይህን ያሉት ወደ ሦስቱ ዞረው ነው።

ዘሐራ ሮጠች። ሦስተኛው ዙር ላይ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። «ወጌሻ!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ያው አሠልጣኝ ነበር። ጋሼ የሮጡት ሌላ ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ነው። የመሮጫ ጫማ ካርቶን ቀደው እግሯን በሁለት በኩል ደገፉ፣ ጋቢያቸውን ሸርክተው አሰሩ፣ ሆስፒታል ድረስ ራሷን በጭናቸው ይዘው ሄዱ።

ክለቡ ለሯጮቹና ለአውቶቡሱ ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር። በውሉ ቅጽ ላይ ለሯጮቹ የሕክምና ዕርዳታ የሚሰጡ ባለሙያዎች ስም የሚሞላበት መስመር አለ። መስመሩ ባዶ ነበር። ጋሼ በወረቀት ንብረት ጠባቂ ስለሆኑ ማንም አልጻፋቸውም። ኢንሹራንሱ ይህን ያዘና «ልጅቷን የነካት ሰው ባለሙያ ሆኖ አልተመዘገበም፤ አንከፍልም» አለ። የዘሐራ አባት አቶ ሰዒድ የልጃቸውን እግር የሚያሳክምላቸው አጡ። ክለቡ «ስሙን ሳልሞላ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አትሩጥ የተባለችውን ያስሮጥኩም እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። እርሱ ግን ሽማግሌ ላከ።

እዚህ ላይ የራሴን ነው የምናገረው። ያን ሰሞን ለዓመት ፈቃዴ አገሬ ገብቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋሼ ግቢ ተቀምጠው «የልጅቷ አባት አዝነዋል፤ አንተ በዕድሜህ ትልቅ ነህ፤ ይቅርታ ጠይቅና ነገሩ ይብረድ» አሏቸው። በአገራችን ዕርቅ ያልበደለም ዝቅ ይላል፤ ጋሼም ይህን ያውቃሉ። «ይቅርታ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ብለው ተነሡ። የዕርቁን ቃል እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ።

መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሸዋንግዛው ዘሐራ እንዳትሮጥ አስቀድሞ በሰው ፊት የተናገረ ቢሆንም፣ ለሰላም ሲል አባቷን ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። «እቱ፣ ይሄ ክስ ነው ዕርቅ? ዕርቅ እኮ ዝርዝር አይወድም። አሳጥሪው።»

ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። «አሳጥሪው ልጄ» አሉ። «እኔ የማጎነብሰው ለአባቷ ነው፤ ለወረቀት አይደለም።»

አሳጠርኩት። «በዘሐራ ላይ ለደረሰው ጉዳት አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ጋሼ ፈረሙ። ከዚያ ሄደው አቶ ሰዒድ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰውየው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ያዟቸው። «ተው፣ ተው ወንድሜ። እኔ አንተን መች ከሰስኩ? ወላሂ፣ ልጄን ያሰርክበት ጋቢ ታጥቦ ቤቴ ተቀምጧል።» ሁለቱም አለቀሱ። እኔም የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ጋምቤላ ተመለስኩ።

አቶ ሰዒድ በኋላ የልጃቸውን ማሳከሚያ ፈልገው ክለቡን ሲከሱ፣ ክለቡ ያቺን ወረቀት ይዞ ቀረበ። «በፊርማው ያመነ ሰው እያለ እኛ ምን በወጣን? ያለ ሥልጣኑ የነካት ንብረት ጠባቂው ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ የቀረበለትን አየ፤ የቀረበለት ደግሞ የእኔ ጽሕፈት ነበር። ክለቡ ነጻ ወጣ፣ ዕዳው በጋሼ ላይ ወደቀ። አቶ ሰዒድ «ከዚህ ሰው ሰባራ ሳንቲም ብወስድ አላህ ይጠይቀኛል» ብለው ሳይቀበሉ ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። ዘሐራ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ጋሼን ክለቡ አባረራቸው። በቀብራቸው ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው» ተብሎ የተነበበው ይህ ነው።

ብዙ መጥፎ ነገር አይቻለሁ፤ ሥራዬ ከቁስል ጋር ነው፣ መግል አይቀፈኝም። ሽማግሌ ልኮ፣ በእግዚአብሔር ስም አስቀምጦ፣ የሰው ትሕትና አስፈርሞ፣ ያንኑ ለዳኛ የሚያቀርብ ሰው ግን ይቀፈኛል። ያ ሰው አበባ ይዞ ለቀብር ሲቆም ደግሞ አበባውም ይቀፈኛል። የገዛ ራሴም ይቀፈኛል። ከቤተ ክርስቲያን የማልቀር፣ ጾሜን የማልፈታ፣ አንዲት ቃል ተሳስቼ ላለመጻፍ የምጠነቀቅ ሴት ነኝ፤ የሰውየውን መዳኛ ግን በገዛ እጄ ቆርጬ ጣልኩት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከክለቡ በተባረሩ በዓመቱ ነው። ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ከተፈናቃዮች መጠለያ አንዲት እናት ክርኑ የወለቀ ሕፃን አቅፋ ገባች። ዱሮ እሑድ እሑድ መጠለያው ድረስ እየሄዱ ያለ ዋጋ ያሹላቸው ስለነበር ታውቃቸዋለች። ጋሼ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ከተቱት። ሊያሞቁት መስሎኝ ደስ አለኝ። አላወጡትም።

«ሆስፒታል ውሰጂው ልጄ። እኔ ንብረት ጠባቂ ነኝ» አሏት።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቆመች። ሆስፒታሉን አታውቀውም፤ ለአገሩ እንግዳ ናት። ጋሼ ከዘራቸውን አነሡ፣ ይዘዋት ሄዱ፣ ወረፋው እስኪደርስ ድረስ ከጎኗ ቁጭ አሉ። ሕፃኑ ሲያለቅስ እጃቸውን መልሰው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ከበሽታቸው ይልቅ የገደላቸው ይህ ነው ብል፣ ነርስም ብሆን፣ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ጋሼ፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። እጅዎን አሁን ከብብትዎ ያውጡት፤ በዚያ ማንም ደብዳቤ አይጠይቅዎትም። «አሳጥሪው ልጄ» ያሉኝ ሰው ጠልተው የማያውቁ ስለሆኑ ነው፤ እኔ ግን እንቢ ማለት ነበረብኝ። ይፍቱኝ። ከርስዎ የተማርኩትን፣ ሳልጠይቅ ላለመንካት፣ እዚህ በረሃ ውስጥ በየቀኑ እሠራበታለሁ። እግዚአብሔር ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ያን ማለዳ ሜዳው ዳር ለነበራችሁት፣ ለሦስታችሁ፣ የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። አሁንም ከክለቡ የምትበሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ የጻፍኩትንና እንዴት እንዳሳጠርኩት ሁሉ ዘርዝሬ፣ ፈርሜበት ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ልኬያለሁ። በአርባቸው ዕለት ይነበባል። አቶ ሰዒድም ከዘሐራ ጋር ይመጣሉ፤ ጋቢውንም ይዘው። የእኔ ወረቀት ብቻውን ግን የሩቅ ሰው ወሬ ነው፤ እኔ ሜዳው ላይ አልነበርኩም። እናንተ ነበራችሁ። ዞረው «እናንተም ስሙ» ያሉት ለእናንተ ነው። ስለዚህ ከተዝካሩ መሐል ተነሡና የሰማችሁትን ተናገሩ፤ አሠልጣኙ ያለውን፣ የተሳቀውን፣ ጋሼ የመለሱትን ሁሉ። እባካችሁ አታሳጥሩት።