ሙጫ የለጠፈችው ስም

ሙጫ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ያጸደቀው ግን ባሏ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ወንበር ያልተነሳች ሴት ሌላ ምን ስም ይገባታል? ሥራዋ የደረቀ ተክል መለጠፍ ነው። ተመራማሪዎች ከየጫካው ለቅመው በጋዜጣ መሀል ተጭነው ያደረቁትን ቅጠል ታነሳለች፣ ጀርባውን ሙጫ ትቀባለች፣ ነጭ ወፍራም ወረቀት ላይ ታሳርፈዋለች፣ አልይዝ ያለውን ግንድ ደግሞ በመርፌና በክር ትሰፋዋለች። በመጨረሻ ማን፣ የትና መቼ እንደለቀመው፣ ስሙም ማን እንደሆነ የሚናገረውን መለያ ከቀኙ ጥግ ትለጥፋለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። «እኔ ሰፍቼ ሰው አለብሳለሁ፣ እሷ ሰፍታ ሣር ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች» እያለ ጎረቤት ያስቃል። ይሳቅ። የሷ ስፌት መቶ ዓመት ይቆያል፣ የሱ ሱሪ ግን ከሁለት ዓመት አያልፍም።

ወደዚህ ቤት የመጣችው ወለል ልትጠርግ ነበር። የደረቀ ተክል ማኖሪያ ማለት የሆነውን ሄርባሪየም የሚለውን ቃል እንኳ መጥራት አትችልም ነበር፤ የብረት ቁም ሣጥን ግራና ቀኝ የተደረደረበት፣ የብል መድኃኒት የሚሸት ረጅም ኮሪደር መሆኑን ብቻ ነው ያየችው። እጇ ቀላል መሆኑን አይተው መጥረጊያውን አስጥለው ብሩሽ አስያዟት። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ሺህ በላይ ወረቀት በእጇ አልፏል።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ወጣት ሐኪም የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ እያለከለከች ገባች። ባልና ሚስት ከጅረት ዳር የለቀሙትን ቅጠል ቀቅለው በልተው ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አድሯል። ጠዋት ተሽሏቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሳይቀቀል የተረፈው ቅጠል ነው።

«ሁለት ተክል ነው የጠረጠርነው» አለች ሐኪሟ ለቤቱ ኃላፊ። «አንዱ አስመልሶ ይተዋል። ሌላው ግን አንድ ቀን የተሻለ አስመስሎ ከዚያ ጉበት ይጨርሳል። እሱ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው፣ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ያለን አንድ አምቡላንስ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሌላ በሽተኛ ይዞ ይወጣል።»

ኃላፊዋ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት። ተማሪ ሳለች ቅጠል አያያዝ ያስተማረቻት ሙጫ ስለሆነች ዛሬም እትዬ ነው የምትላት። «እትዬ፣ ሁለቱንም ያምጡልኝ» አለች።

ከሁለቱም ተክሎች በቤቱ ያለው አንድ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ለቃሚያቸው መለያው ላይ በሰጣቸው ቁጥር 412 እና 413። ሙጫ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ኃላፊዋ ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር አየችው። «ጀርባው ፀጉር አለው። 412 ልሙጥ ነው። 413 ግን ይኸው፣ ፀጉራም ነው።» መጽሐፉንም ገልጣ ከስዕሉ ጋር አስተያየች። «413 የሚያስመልሰው ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ዶክተር፣ አይገድልም።»

ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰችና ስልኳን አወጣች። «አልጋ የለንም፣ ነርሷ እየወተወተችኝ ነው። ይውጡ ልበላቸው።»

ሙጫ ሁለቱን የለጠፈችበት ቀን ትዝ አላት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። ሁለቱን ተክሎች የለቀሙት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ጋዜጣቸው ውስጥ ከነመለያቸው ጠረጴዛዋ ላይ ትተውላት ሄዱ። እሷ ሙቀት በዛባትና መስኮት ከፈተች። ነፋሱ ገብቶ ሁለቱን መለያዎች ወለሉ ላይ በተናቸው። የቤቱ ሕግ ግልጽ ነው፤ መለያው የጠፋ ወይም የተቀላቀለ ተክል ለለቃሚው ይመለሳል እንጂ አይለጠፍም። ፕሮፌሰሩ ግን ለተሰበረች አንዲት ቅጠል እንኳ ሰው የሚያስለቅሱ ቁጡ ነበሩ። ፈራች። ይሄ የዚህ ይመስላል ብላ ለጠፈችው። ፕሮፌሰሩ በዚያው ሳምንት ታመው ተኙ፣ ሳይመለሱም አረፉ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው እዚህ ቤት ሠርቶ አያውቅም። የሙጫ ዝምታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲቦረቡራት ኖሯል፤ በዚያ ቁም ሣጥን በኩል ማለፍ ሲኖርባት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር።

«ይቆዩ ዶክተር፣ አይደውሉ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «መለያውን የለጠፍኩት በግምት ነው።»

ኃላፊዋ ክው አለች። «ምን እያሉ ነው፣ እትዬ?»

«ነፋስ ቀላቀለብኝ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።»

«መጽሐፉስ? ስዕሉ ይመሳሰላል እኮ።»

«ስዕሉ የተሳለው ከዚሁ ወረቀት ነው። አውጥቼ ለሰዓሊው የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያየች «ታዲያ የቱ ነው የሚገድለው?» አለች። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«መንታ አለው» አለች ሙጫ። «ፕሮፌሰሩ አንድ ተክል ሲለቅሙ ለሁለት ይከፍሉት ነበር። ግማሹን ከነመለያው በሌላ ከተማ ላለው ሄርባሪየም ልከዋል፣ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት። ያኛውን ነፋስ አልነካውም።»

ኃላፊዋ ደወለች። ወዲያ ያለው ሰውዬ ረጋ ያለ፣ ለመፈለግም ለመናገርም የማይቸኩል ሆኖ ተገኘ። ቁልፉ ሌላ ክፍል ነው አለ። ቆይቶ ቁም ሣጥኑን አገኘሁ አለ። ሐኪሟ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ነርሷ ሁለት ጊዜ ደወለችላት፤ ሁለቴም «ትንሽ ይቆዩ» አለቻት። ሙጫ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፀሎቷ ግራ የሚያጋባ ነበር። ግምቴ ትክክል ይሁንልኝ ማለት ፈለገች፤ ግን እሱን የምትለው ለበሽተኞቹ ይሁን ለራሷ መለየት አቃታት፣ አፈረችም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ፎቶግራፉ ስልክ ላይ መጣ። ፕሮፌሰሩ በእጃቸው በጻፉት መለያ ላይ 412 ይላል፣ ስሙም የገዳዩ ነው። ከአጠገቡ የተለጠፈው ቅጠል ፀጉራም ነው።

ሐኪሟ ደህና ዋሉም ሳትል ሮጠች። «አምቡላንሱን አቁሙት» ስትል ከደረጃው ላይ ድምጿ ተሰማ። ኃላፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ፊት ለፊቷ አደረገች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እትዬ» ብቻ ነው ያለችው፤ ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር።

ማታ ለባሏ ነገረችው። በሁሉም ነገር የሚቀልደው ሰውዬ መቀሱን አስቀመጠ እንጂ አልቀለደም።

በአራተኛው ቀን ሐኪሟ ደወለች። የባልና ሚስቱ ጉበት ተጎድቶ ነበር፣ ግን በጊዜ ደርሰው መድኃኒቱን ስላገኙ ሁለቱም ይተርፋሉ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። በዚህ ሙያ የተሳሳተ መለያ አይቀደድም፤ ማን መቼ እንዳረመው ተጽፎ አዲሱ ከጎኑ ይለጠፋል። ኃላፊዋ አዲሶቹን ጽፋ «እርስዎ ይለጥፏቸው» ብላ ለሙጫ ሰጠቻት። ሙጫ ይቅር የተባለች መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁን ደግሞ ይህን ወረቀት አምኖ ለሄደ ሁሉ መጻፍ አለብን» አለች ኃላፊዋ፣ ናሙናዎቹን መጥተው ያዩ ሰዎች የሚመዘገቡበትን መዝገብ ከፍታ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ይናደዱ ይሆናል፣ ያርሙታል። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ድንገት መዝገቡን ልትዘጋ አለች። ሙጫ እጇን ያዘቻትና አነበበች። ጽሑፉ የቀድሞው ኃላፊ ነው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት። «ከሆስፒታል የመጣ። አንዲት ሴት የበላችው ቅጠል። ከ413 ጋር ተመሳስሏል። ጉዳት የለውም ተብሎ ተነግሯል።»

ሙጫ ራሷ ለሐኪሟ ደወለች። ቀኑን ነገረቻት። ሐኪሟ መዝገብ ቤት ድረስ ሄዳ እስክትመለስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች።

«አግኝቻታለሁ» አለች ሐኪሟ። «ተሽሏታል ተብላ ወጥታ ነበር። በሦስተኛው ቀን መልሰው አመጧት፣ አልተረፈችም። እትዬ፣ ይህን ቤተሰቧ አያውቅም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ስሟን ይንገሩኝ» አለች ሙጫ።

ሐኪሟ ነገረቻት። ሙጫ ስሙን ሁለቴ አስደግማ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አጣርታ ጻፈችው። ከዚያ ነጭ ወረቀት ስባ ለሟቿ ቤተሰብ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች።