የከድር ቁርጭምጭሚት

ዛሬ ዋንጫውን በላን። ኮከባችን ከድር ግን ከሜዳ የወጣው በሁለት ሰው ተደግፎ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። (ዲግሪ አለው ብለው የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ያደረጉኝ፣ እዚህ ዓረብ አገር የሰፈሬ የጉበይራ ልጆችም ትንሽ ይካፈሉኝ።)

በእረፍት ሰዓት ከድር "ወንድሜ፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። ነገ ብሎኬት ተሸክሜ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ" አለኝ።

"አንተ ከሌለህ ዋንጫም የለን፤ የኮከብ ተጫዋች ሽልማቱንም የተጋጣሚዎቻችን ልጅ ይወስደዋል። ያላ፣ አስር ደቂቃ ብቻ!" አልኩት።

ገባ። ሁለቱንም አመጣልን።

አሁን እግሩን በረዶ ውስጥ ነክሮ ይስቅብኛል። "ኸላስ፣ አበቃ አሰልጣኝ፣ ነገ ብሎኬቱን አንተ ትሸከማለሃ!"

እሱ ቀልዱን ነው። የቀን ሥራ ግን ከቀሩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ለአለቃው ደውዬ፣ እስኪሻለው እኔ እንደምገባለት ነገርኩት።

እናንተስ፣ ለማሸነፍ ብላችሁ "አይዞህ" እያላችሁ የጎዳችሁት ሰው አለ?