ከብት የማይበላው ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዮናስ ከጓደኞቹ ጋር ያዘጋጀውን ማመልከቻ ይዞ መጣና ፈርሚ አለኝ። ድንች እየላጥኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወረቀቱን ተቀበልኩት። በኮምፒዩተር የተጻፈ ሦስት ገጽ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። በንፋስ መውጫ ከተማ ለወጣቱ መዋያ የሚሆን መናፈሻ ይሰጠን፣ የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ሜዳ ይከለልልን፣ መጽሐፍ ማንበቢያ ቤት ይሠራልን ይላል። ከሥሩ ስምና ፊርማ ተደርድሯል።

«እማ፣ ምን እንዲህ ታነቢዋለሽ? ዳዊት መሰለሽ?» አለኝ።

«የምፈርመውን ማወቅ አለብኝ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ግን አንብቤ ጨርሼ ነበር። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። የፊተኛው በእጅ የተጻፈ ነበር፣ የያዘውም ታላቅ ወንድሜ ጋሻው ነበር።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፤ ልጆቼም ያውቁታል። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ። አሁን ደግሞ ጊዜው እንዲህ ሆኖ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ተዘጋ እየተባለ፣ ወጣቶች ሰብሰብ ብለው ቆመው ሳይ ልቤ ይመታል። በልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ። ድስት ሳይገነፍል ክዳኑን የማነሳ፣ ዝናብ ሳይመጣ እንጨት የማስገባ። እናቴ «ስመኝ የቤቱ ጠባቂ ናት» ትል ነበር። ይኼ ጠባዬ አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገ ነው የምጽፈው።

ቤታችን ከመኪናው መንገድ በታች፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ የቀረን መሬት ለአንድ ሰው ከብት እንኳ የማይበቃ ነው። እናቴ ጠላ ትጠምቃለች። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ መናኸሪያው ጋ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እሸጥ ነበር። የንፋስ መውጫ ብርድ የታወቀ ነው፤ በጥቅምት ውርጩ የድንቹን ቅጠል አቃጥሎት ያድራል፣ መንገደኛው ከአውቶቡስ ሲወርድ ትኩሱን ድንች መጀመሪያ እጁን ያሞቅበትና ነው የሚበላው። ጋሻው ዐሥረኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። ሥራ የለም። ጓደኞቹ በመስከረም ወደ መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ መውረድ ጀምረው ነበር። አንዳንዱ በወባ ገርጥቶ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም።

ከቤታችን በታች ጨፌ ነበር። በበጋ እንኳ ውሃው ከሥር ስለሚያዣ ሣሩ አይደርቅም፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ይግጥበታል። ጋሻው ከላይኛው፣ ደረቅ ካለው በኩል ሁለት ግንድ ተክሎ፣ ከቃጫ የተገመደ መረብ ወጥሮ ወጣቱን መረብ ኳስ ያስተምር ጀመር። ከብቱ ወደ ቤት ሲነዳ ጨዋታው ይጀመራል። እኔም ድንቼን ሸጬ ስመለስ እገባ ነበር። መጀመሪያ ቀን ኳሱ ክንዴን አቅልቶት፣ እናቴ እንዳታይብኝ ነጠላ ተከናንቤ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ግን መምታቱን ለመድኩት። ኳሱ ከእጄ ሲወጣ የሚሰማኝን ነገር ዛሬም ስም አላገኘሁለትም። ካገባሁ በኋላ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ የስፖርት ሠራተኛ ጨዋታችንን አየ። ለጋሻው ሜዳውን በሕጋዊ መንገድ ካስፈቀዳችሁ ወጣቱን የሚያሠለጥን ሰው ይቀጠራል፣ የማስገባውም አንተን ነው አለው። ወንድሜ ያን ቀን ቤት ሲገባ ራሱ ጣራውን የነካ ይመስል ነበር። ለእናቴ ሜዳው ከተፈቀደ የትም አልሄድም አላት። ካልተፈቀደስ አለችው።

«ካልተፈቀደማ ሰሊጥ ነው፤ ሌላ ምን አለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው ለኔ ሜዳ መሆኑ ቀረ። ወንድሜ ቤቱ ይቀር እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወሰንበት ነገር ሆነ።

ማመልከቻውን የጻፉልን ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግን ጨዋታ ይወዱ ነበር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩናል። በሰፈሩ እንደሳቸው ጽሕፈቱ ያማረ አልነበረም። ታዲያ ጽፈው ሲያነቡልን፣ ነገሩን ከአዳም ጀምረውት ኖሮ ገና ጨፌው ጋ ሳይደርሱ ገጹ አለቀ።

«መሪጌታ፣ አንቱ ደግሞ፤ ገነትን አይደለምኮ የምንለምነው» አለ ጋሻው።

«አትክልት ያለበት መዋያ ስፍራ አይደለም የፈለጋችሁ? የመጀመሪያውን ሳትጠራ ሁለተኛውን ማን ይሰጥሃል?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ስቀው ሌላ አጭር ማመልከቻ ጻፉልን።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ማመልከቻውን ቆሞ አነበበና ሜዳ ስጡን ማለት ባዶ ነገር ስጡን ማለት ነው አለን። ዙሪያውን አጥሩ፣ ዛፍ ትከሉበት፣ መናፈሻ ይምሰል፤ ያኔ እኔው ራሴ ወረዳ ይዤው እገባለሁ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያለውን ከልቡ ያለው ይመስለኛል።

ሰኔ ነበር። ጉና ላይ ደመና ተከምሯል። ምን እንትከል ብለን መረቡ ሥር ተሰበሰብን፤ እኔ የገብስ ቆሎ ይዤ ነበር የሄድኩት። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ሥር የበቀለ ችግኝ እንሰጣችኋለን አሉ። ጋሻው ጥድና ኮሶ ይሁን፣ ጥላው ለልጅ ልጅ ይደርሳል አለ። ሁሉም እሺ ሊል ሲል ከኋላ ሆኜ ተናገርኩ። በስብሰባ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጥዱን ፍየል ይጨርሰዋል» አልኩ። «የሰፈሩ ከብት በዚህ ነው የሚያልፈው፣ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? ባህር ዛፍ ይሻላል። ከብት አይበላውም፤ ቶሎም ይደርሳል።»

ከዚያ አንዱ ስመኝ እውነቷን ነው አለ፣ ሌላውም ደገመው። ጋሻው ራሱ ትከሻዬን ይዞ «ከናንተ ሁሉ እኅቴ ትሻላለች» አላቸው። ያን ሳምንት ድንች ስሸጥ አንገቴ ቀና ብሎ ነበር።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አለማሰባችን ነው። በእኛ አገር ባህር ዛፍ የተከለ ሰው መሬቱን ይዤዋለሁ ብሎ መናገር አያስፈልገውም፤ ዛፉ ይናገርለታል። እኛም ዛፉ ይናገርልናል ብለን ነበር። ውሃ እንደሚጨርስም ከእርሻ ዳር እንደማይተከልም ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ግን ጨፌን ማን እንደ እርሻ ይቆጥረዋል?

በሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየያዘን፣ ዙሪያውን አራት ረድፍ ተከልን። ሊቀ መንበሩ መጥቶ አየና ጎበዞች አለን፤ ማመልከቻውንም እንዳለው ወረዳ አስገባው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ክረምት አለፈ። በመስከረም የጋሻው ጓደኞች ወደ መተማ ሲወርዱ እሱ መልሱ ሊመጣ ነው ብሎ ቀረ። ዛፉ ከኛ ቁመት አለፈ። ሴቶቹ የራሳችን ቡድን መሠረትን፤ መሪጌታም አንዳንድ ቀን ዳኛ ይሆኑና ሁልጊዜ ለተሸናፊው ያደላሉ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ጨፌው ውሃ ማዣቱን ተወ። ሣሩ ነጣ፣ መሬቱ ተሰነጠቀ። እኛ ድርቅ ነው አልን። ጋሻው በመስከረም እንደገና ቀረ።

በግንቦት መሬት የሚለኩ ሰዎች መጡ። ለየገበሬው የይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ በየቀበሌው በገመድ ይለካ ነበር። ጨፌው ጋ ሲደርሱ ጋሻው ኳሱን በብብቱ እንደያዘ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው። የወጣቱ መጫወቻ ነው፣ ማመልከቻው ወረዳ ገብቷል አላቸው። የለኪዎቹ ጸሐፊ ደክሞታል፣ ፀሐይ መትታዋለች።

«ወንድሜ፣ ጨዋታ በገመድ አይለካም። እኔ የማየው ባህር ዛፍ ነው። ማን ተከለው?»

«እኛ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በቀበሌው።»

«እንግዲያውስ የቀበሌ ደን ነው» አለና ጻፈው።

ሣር ብቻ ሆኖ ቢቆይ የወል ግጦሽ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በግጦሽ ላይ ኳስ የተጫወተን ሰው ደግሞ የከለከለ የለም። ይኼን መሪጌታ ናቸው በኋላ ቀስ ብለው የነገሩን፤ ነግረውንም ወደኔ አላዩም።

ደን ከተባለ መሐሉ ባዶ አይተውም ተብሎ በሐምሌ የተከላ ዘመቻ ታወጀ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ተባለ። ከቤታችን የወጣሁት እኔ ነኝ። ግንዶቹ ተነቅለው፣ መረቡ ተጠቅልሎ እናቴ ማጀት ገብቶ ነበር። ቆመን ኳስ የምንመታበት ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ችግኝ አስገብቼ፣ አፈሩን በእግሬ ረገጥኩት። እምቢ ማለት ይቻል እንደነበር ያሰብኩት ካገባሁ ወዲህ ነው።

መልሱ በነሐሴ መጨረሻ መጣ፤ አራት መስመር ነው። የተጠየቀው ቦታ በደንነት የተመዘገበ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ይላል። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ለጋሻው ሲሰጥ ቀና ብሎ አላየውም። ጋሻው አንብቦ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ሄደ። እናቴ በሶ በጥብጠህ ጠጣ እያለች ዱቄቱን በጨርቅ ቋጠረችለት። መናኸሪያው ድረስ የሸኘሁት እኔ ነበርኩ። ንፋሱ አቧራ ያስነሣል። ሳልነግረው እንዳይሄድ ብዬ፣ ባህር ዛፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለኝ። «ፍየሉን ነው የፈራሽው። ፍየሉንማ አሸነፍሽው።»

ሳቀና ተሳፈረ። አውቶቡሱ በደብረ ታቦር መንገድ ታጠፈ።

በታኅሣሥ ከአጨዳ የተመለሰ ሰው ወባ ይዞት ነበር፣ ተሻለው አለን። ከዚያ ሌላ ሰው ወደ ሱዳን ተሻገረ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም። ዓመታት ሲያልፉ የነፍስ አባታችን ተዝካሩን አውጪለት ብለው እናቴን ይመክሯት ነበር። እሷ ግን «አባ፣ ከመንገደኞች ጋር ይጸልዩለት» ትላቸዋለች። እንዲህ እንዳለች እሷው ቀድማ ሞተች። አሁን የምለው እኔ ነኝ።

ዛፉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ አላውቅም፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ውሃው ግን አልተመለሰም። የጨፌውን ስም የሚያውቅ ልጅ በሰፈሩ የለም።

ይኼን ሁሉ ለዮናስ ነገርኩት። ትከሉ ቢሏችሁ እንኳ መጀመሪያ በምን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቁ አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ አሁን ሁሉ ነገር በካርታ ነው፣ ከሰማይ በፎቶ ነው የሚታየው፣ ገመድ ቀረ አለኝ። በሕይወቴ ያገኘኋት አንዲት ትምህርት ነበረች፤ እሷም ጊዜ አልፎባታል።

«ካልሆነስ?» አልኩት።

ስልኩን እያየ መለሰልኝ። የክፍል ጓደኛው በመተማ ተሻግሯል፤ ደህና ነኝ፣ ና ብሎ ጽፎለታል።

«ካልሆነ እሄዳለሁ፣ እማ። እዚህ ምን አለ?»

ፈረምኩ። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩት፣ የአባቴንም የአያቴንም። ከዚያ ይኼ ፊርማ አይበቃም አልኩት። የላይ ሰፈሮችም ይፈርሙበት፣ አንድ ቤት እንዳይቀር፤ ቄሶቹም፣ የዕድር ዳኞቹም፤ የመናኸሪያው ሰዎችም እንዳይቀየሙ። ዮናስ ደስ አለው። «እናቴ ገባት» ብሎ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት።

እኔ ግን መናፈሻው ይሠራል ብዬ አይደለም። አይሠራም። ቢሠራም ልጄ ጥላው ሥር የሚቀመጥበት ቀን አይታየኝም። ነገሩን መልሼ መላልሼ ሳስበው አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ፤ ጋሻው ሁለት መስከረም ቤቱ የቆየው ማመልከቻው ወረዳ ተቀምጦ ስለነበረ ነው። የሄደው መልሱ ሲመጣ ነው። ሌሎች እናቶች ለልጆቻቸው ጥያቄ መልስ እንዲመጣ ይሳላሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ የምለምነው እንዲዘገይ ነው።