ጋሼ ምላጭ የደበቁለት

ፀጉር አስተካካዩ አጥብቆ የሚፈራው ነገር ቢኖር ደንበኛ ፊት መውደቅን ነው። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ከሐኪሙ ሌላ የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም አፈር ከለበሰች ቆየች። ኪኒኑን በባዶ የፓውደር ቆርቆሮ ደብቆ፣ ጓዳ ገባ እያለ ይውጣል። እንዲህ ላለ ሰው ማን አንገቱን አመቻችቶ ይሰጣል?

አብረውት የሚሠሩትን የፀጉር ቤቱን ባለቤት፣ ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ ምላጭ» ይላቸዋል፤ ጺም መላጨትን ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተው አያውቁምና። እሱ ደግሞ ዞር ሲሉለት ጠብቆ ስስታም ናቸው እያለ ያማቸዋል።

ኪኒኑ በአዲስ ዓይነት በተቀየረለት ሰሞን ያተኩሰው ጀመር። ቆዳው ሽፍ አለ፣ ፊቱ አበጠ፣ ሽንቱም ቀነሰ። ደግፈው ሆስፒታል ያደረሱት ጋሼ ምላጭ ናቸው። የሆስፒታሉ ሐኪም የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀው፣ እሳቸው አጠገቡ ስለቆሙ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ራስ ምታት እንኳ አያውቀኝም አላት። ተኝቶ ሲታከምም ኪኒኑን ከትራሱ ሥር እያወጣ መዋጡን አልተወም። ኩላሊቱ ከቀን ወደ ቀን ባሰበት።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ መጥታ የሕመሙ ምክንያት ካልታወቀ ወደ ኩላሊት እጥበት መግባቱ እንደማይቀር ነገረችው። ጋሼ ምላጭ ዛሬም ወንበሩ ላይ አሉ። ውጡልኝ እንዳይላቸው አፈረ፤ ዝም እንዳይል ሞትን ፈራ። ቆርቆሮውን ከትራሱ ሥር አወጣና አንገቱን ደፋ።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ። ይሄን ነው የምወስደው።»

ሐኪሟ ቆጣ አለች። ኩላሊቱን የጎዳው ይኸው ኪኒን ሳይሆን አይቀርም ብላ ወዲያው አስቆመችው፤ በሌላም ቀየረችለት። እሷ ወጣች። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መድኃኒቱን አላወቅኩም እንጂ በሽታውንስ አውቀዋለሁ» አሉት ጋሼ ምላጭ። «ያኔ ጓዳ ወድቀህ ስትነቃ፣ ወለሉ አዳልጦህ ነው ያልኩህ ለምን መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

«ምን በወጣህ? ጺሙን እኔ ያዝኩት፣ ፀጉሩን ላንተ ተውኩት።»

ኩላሊቱ ቀስ በቀስ አገገመና ወደ ሥራው ተመለሰ። በተመለሰ ዕለት አንድ የቆየ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ያ ስስታም ሽማግሌ ዛሬም ምላጩን አልለቀቀም ወይ ብሎ አሾፈ። ቀልዱን ለደንበኛው ያስተማረው ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው። ጋሼ ምላጭ ሰምተው እንዳልሰሙ ምላጫቸውን መጥረግ ቀጠሉ። እሱ የሚገባበት ጠፋው፤ መቀሱን አስቀመጠ።

«ስስታም አይደሉም። እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ እኔን ሸፍነው ነው» አለ።

ደንበኛው በመስተዋቱ ውስጥ አተኩሮ አየው። እሱ ግን መስተዋቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።