የሳይሚ ቦታ

የወንድሜ ሚስት ሳይሚ እንጉዳይ የምትለቅምበትን ቦታ ማንም አያውቅም። ወንድሜ አርማስ እንኳ ሳያውቀው ነው የሞተው፤ ያውም የጫካው ባለቤት እሱ ሆኖ! በእኛ በሳቮ ገጠር ጫካው የማንም ይሁን የማን፣ እንጉዳዩ የለቃሚው ነው። ቦታን ለሰው መንገር ግን የለም። ልጅ ለእናቱ አይነግርም። ሳይሚ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ ነሐሴ ሲጋመስ በጓሮ በር ሹልክ ትልና ቅርጫቷን ሞልታ በሌላ አቅጣጫ ትመጣለች።

አርማስ ከሞተ በኋላ ጫካው ከበዳት። ልጆቿ ሄልሲንኪ ናቸው፤ የጥድና የበርች ዛፍ እንኳ አይለዩም። ስለዚህ ለጎረቤታችን ለቮይቶ ሸጠችለት። ቮይቶ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ለጡረታው ያጠራቀመውን በሙሉ ዛፍ ላይ ሲያፈሰው መንደሩ ሳቀበት።

«የምትተክለውን ማን ሊቆርጠው ነው? አንተ ያኔ አፈር ሆነሃል» አልኩት።

«ባንክ ያለ ገንዘብ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ዛፍ ግን እኔ ብተኛም ያድጋል» አለኝ። «የደረሰውን ቆርጬ ጀልባ እገዛለሁ። የምተክለው ለልጅ ልጆቼ ነው።» ጀልባዋን እንኳ መርጧት ነበር፤ ፎቶዋ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ችግሩ መቁረጡ ላይ መጣ። ሳይሚ የምትለቅመው ቢጫው እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ጋር ተሳስሮ ነው የሚኖረው፤ ዛፉ ከወደቀ እሱም አለቀለት። ቮይቶ ይህን ያውቃል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሲቆረጥ ጥቂት ዛፍ መተው ደንብ ስለሆነ፣ ሳይሚ ቤት ድረስ መጥቶ እኔው ፊት ጠየቃት።

«ሳይሚ፣ የት ጋ ልተውልሽ?»

«ምኑን?»

«ቦታሽን ነዋ!»

«ምን ቦታ አለኝና? ሸጬልህ የለ እንዴ!»

«እኔ እንደሆነ እንጉዳይ ሆዴን ይነፋኛል፣ አልበላም። ብቻ በጣትሽ ጠቁሚኝ።»

«ዛሬ ጠቁሚኝ፣ ነገ ቅርጫት አውሺኝ!» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ አንድ ጥቅል ቀይ ሪባን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። «እንዲቀርልሽ የምትፈልጊው ዛፍ ላይ እሰሪ። የዛፍ መቁረጫው ማሽን መሬቱ በረዶ ሲይዝ ይመጣል፤ ሪባን ያለበትን አይነካም» ብሏት ሄደ። ገና በሩ ሳይዘጋ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር!» አለችኝ።

አሰረች። ግን እንዴት አድርጋ! እዚህም እዚያም፣ ጫካው ሰርግ ያለበት ቤት እስኪመስል። እውነተኛው ቦታ በውሸቶቹ መሀል እንዲደበቅ መሆኑ ገባኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሰውዬውን ጀልባ በላሽበት እኮ!» ብላት ጭራሽ ሳቀች።

ቮይቶ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው» አለ። አንዱንም ሪባን ሳይፈታ ሌላውን አስቆረጠ። የጀልባዋ ፎቶ ከማቀዝቀዣው ላይ ተነሳ።

በዓመቱ ነሐሴ መጣ። ሳይሚን ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምነው፣ ዘንድሮ አልበቀለም እንዴ?»

«የእኔ ቦታ ላይ ሪባን አላሰርኩም።»

«ምን አልሽ?»

«ሌላው ላይ ሁሉ አስሬ እዚያ ብቻ ተውኩት። ቮይቶ ሪባን ያለበትን ዛፍ ሁሉ ሥር ሥሩን ይፈትሻል ብዬ። ከሚያገኘው ይጥፋ አልኩ። ሙቀት ከገባ ጀምሮ ሊፈትሽ ሲመጣ ላየው በመስኮት ስጠብቀው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዝር አላለም!» እንባዋ ወረደ። አንጀቴን በላችኝ፤ ደግሞም አናደደችኝ።

አብረን ቮይቶ ጋ ሄድን። ጓሮው ድንች ይቆፍር ነበር። ሳይሚ ጉቶ ብቻ ወደቀረበት ሜዳ ጣቷን ቀሰረች።

«ከዚያ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ነበር» አለች። «ወደዚህ አገር በሙሽርነት በመጣሁበት ዓመት ነው ያገኘሁት።»

ቮይቶ መቆፈሪያውን ተደግፎ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ሳይሚ።»

«ጠይቀኸኝ ነበር» አለችው።

ከዚያ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ድንቹን ትለቅምለት ጀመር።