ሚስቴ የተሳፈረችበት ሰዓት

ሚስቴ እግሯን ሲያማት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ነበር። ስልኳን ውሃ ይነካብኛል ብላ ቤት ጥላው ሄደች። በምትመለስበት ቀን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ወጣ ብል፣ እሷ በምትመጣበት መንገድ ከዓለም በር ወዲህ ዳገቱ ላይ ስድስት ሰዓት ገደማ ሚኒባስ ተገልብጧል ይባላል። የተረፈ ሰው ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ልጄ ዘንድ ሮጥሁ።

ልጄ ለሚኒባሶቹ ማኅበር ትሠራለች። ትኬት ሲቆረጥ የተሳፋሪው ስምና የመነሻው ሰዓት ኮምፒዩተር ላይ እንዲወጣ ያደረገችው እሷ ናት፤ ሥራ ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም። የእናቷን ስም ፈለገችው። ከፍል ውሃው መሳፈሪያ ከሐሙሲት አራት ተኩል ተነሥታለች ይላል።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያቋረጥሁ ሰው ነኝ፤ ይኸ ግን አልጠፋኝም። አራት ተኩል የተነሣ መኪና ስድስት ሰዓት ላይ እዚያው ዳገት ላይ ነው። አሁን ደግሞ ስምንት አልፏል፤ እሷ የለችም።

ልጄ ሐሙሲት መናኸሪያ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ወዲያው ኮምፒዩተሩ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ።

«አባዬ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ከሩብ ነዋ! እናትሽ ሞታ ሰዓት ትጠይቂኛለሽ?»

«ይኸ መኪና አሁን ከዚህ ከእኛ መናኸሪያ የወጣ ነው። አምስት ከሩብ ይላል።»

ፒኤችፒ በምትለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈችውን ከፍታ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። ድንገት ግንባሯን መታች።

«የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ለማምጣት ስድስት ቀንሻለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። ይኸ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ግን ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ ሰዓቱ ድሮውንም ከዚህ አገር የፈረንጅ ሰዓት በሦስት ወደ ኋላ ነው። መቀነስ የነበረብኝ ሦስት ብቻ ነው።»

የሆነ ነገር ነካካች። አራት ተኩል የነበረው ዐይኔ እያየ ሰባት ተኩል ሆነ። እኔ ደግሞ ይኼኔ ባሰብኝ።

«አንቺ፣ እኔን ልታባብይ ነው የቀየርሽው?»

«ኧረ አባዬ፣ ምን በወጣኝ!»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!» አለች። ዐይኗን ግን ከኮምፒዩተሩ ላይ አላነሣችም።

እውነት ከሆነ ሚስቴ የተነሣችው መኪናው ከተገለበጠ በኋላ ነው። ውሸት ከሆነ ግን ልጄም የእናቷን ሞት አውቃለች ማለት ነው። ቁጭ ይበሉ ብትለኝ እምቢ ብዬ መናኸሪያ ወርጄ ቆምሁ። ሚኒባስ በገባ ቁጥር በሩ እስኪከፈት ትንፋሼን እውጣለሁ። አንዱ ገባ፤ የለችም። ሌላው ገባ፤ እዚያም የለችም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተስፋ ቆረጥሁ። መርዶውን ለማን አስቀድሜ እንደምነግር ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከሚቀጥለው ሚኒባስ ሚስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳይሆን ደህና አድርጋ ተከናንባ ወረደች።

«ምን ሆነው ነው እዚህ የቆሙት? መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶብን ነው የዘገየን። ከብቶቹን ለማን ጥለው መጡ?»

እጇን ያዝሁ።

«ኧረ ይልቀቁኝ፣ ሰው ያየናል!»

ቤት እስክንደርስ አልለቀቅኋትም።