የከሚሴ ታፔላ ጻፊ

ከሚሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ደሴ ላይ ስድስት ወር የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ ዞኑ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው የተቀጠርኩት። ክፍላችን ውስጥ ሁለት መኪና ነበር። በአማርኛው እኔ እጽፋለሁ፤ በኦሮምኛው ደግሞ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ። ጠዋት "አካም ቡልቴ?" ትለኛለች፣ "ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ" ብዬ በሰላም ማደሬን እነግራታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት የሚሰማው የጣቶቻችን ድምፅ ብቻ ነው።

ሥራው መጥፎ አልነበረም። ደመወዙ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ወንበሩ ጥላ ውስጥ ነው፣ ሰውም "የዞን ሠራተኛ" ብሎ ያከብራል። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን አለቃዬ በእጁ ጽፎ በሰጠኝ ደብዳቤ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተደግሞ አየሁና አንዱን አወጣሁት። ደብዳቤውን አነበበና ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

"ይቺ የት ሄደች?"

"ተደግማ ነበር። የተሳሳቱ መስሎኝ ነው።"

"አንቺ የተሰጠሽን ጻፊ።"

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተመልሼ የተደገመውን እንደገና ደገምኩትና አስፈረምኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ስንት ሺህ ገጽ ብጽፍ አንድም መስመር የእኔ እንዳልሆነ ነበር የማስበው።

ለፊደል ያለኝን ፍቅር ያወረሰኝ አባቴ ነው። በሕይወት ሳለ ኪታብ በእጁ እየጻፈ ይገለብጥ ነበር። የሸምበቆ ብዕሩን በቢላዋ እየቀረጸ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። እኔም ልሞክር ስል ብዕሩን ይሰጠኝና "አታጨናንቂው፣ ለፊደሉ ቦታ ስጪው" ይለኛል። ጽሕፈት መኪናው ላይ ግን የምሰጠው ቦታ አልነበረም፤ ፊደሉ ሁሉ ተለክቶ የተቀመጠ ነው።

አንድ ክረምት መሥሪያ ቤታችን ትልቅ ስብሰባ ያዘጋጅና መፈክር የሚጽፈው ሰው ከኮምቦልቻ ሳይመጣ ይቀራል። ሁሉም ሲተራመስ ባልደረባዬ "እሷ እጇ ቆንጆ ነው" ብላ ጠቆመችብኝ። አዳራሹ ወለል ላይ ስድስት ሜትር አቡጄዲ ዘረጋሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዤ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት በእርሳስ እየለካሁ ጻፍኩ። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን እርሳሱን ትቼ በብሩሹ ብቻ ሄድኩ። በማግሥቱ እንግዶቹ ከሥሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ቀና እያደረጉ አነበቡት። ጽሑፉ የተለመደው የስብሰባ ቃል ነበር፤ እኔን ያስደሰተኝ የፊደሎቹ አቋቋም ነው። ለምሳ ወጥተው ሲመለሱም እንደገና ቀና ብለው ሲያነቡት ቆጠርኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሁድ ከጋራዥ የላሜራ ቁራጭ እየለመንኩ ጓሮ ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ። ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አመጣ፤ እኛ ታይፒስቶቹ ወይ ኮምፒውተር ተማሩ፣ ወይ መዝገብ ቤት ግቡ ተባልን። ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን መረጠች። እኔ ሁለቱንም አልመረጥኩም።

"እማ፣ ሥራ ልለቅ ነው" አልኳት እናቴን።

ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇ ቆመ።

"ማን አስቀየመሽ?"

"ማንም።"

"ታመሽ ነው?"

"ደህና ነኝ። ታፔላ ልጽፍ ነው።"

"ታፔላ ምንድን ነው?"

"ሱቅ በር ላይ የሚሰቀለው። ስም የሚጻፍበት።"

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ታፔላ ለእሷ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ቅጠሉን ወደ ሰፌዱ ጣለችና "ያ ረቢ! ከጥላ ወጥታ ፀሐይ ላይ ልትቆም!" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጡኝ በዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት የነበራቸው አንዲት ሴትዮ ናቸው። ቤቱን የሰየሙት ለእናታቸው መታሰቢያ ነው፤ እናትየዋ እዚያው ቦታ ላይ ለመንገደኛ ሻይ ሲያፈሉ ኖረዋል። በአማርኛ "የእናት ሻይ ቤት"፣ ከሥሩ ደግሞ በኦሮምኛ "ማና ሻዪ ሃዻ" እንዲባል ፈለጉ። ቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ መሰላል ላይ ወጣሁ። አንዳንዱ ቆሞ ሳቀ፣ አንዳንዱ መጥቶ መሰላሉን ያዘልኝ። በነጭ ላይ በአረንጓዴ ጻፍኩት፤ ሲያልቅ ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ።

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ሥራዬን ለማየት ብዬ ብሄድ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አንድ አስተማሪ ጣቱን ወደ ታፔላው ቀስሮ ለሰዎቹ ያስረዳል። ለእኔ ኦሮምኛ ከእናቴ ጋር ያደግሁበት ቋንቋ ነው፤ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ መጻፍ ግን አልተማርኩም። በእኛ ትምህርት ቤት ጊዜ ቁቤ አልነበረም። በቁቤ ድምፁ ሲረዝም "አ" የምትለዋ ፊደል ሁለት ጊዜ ትጻፋለች። እኔ ሃዻ በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኳት። እሷ በመጉደሏ "እናት" የሚለው ቃል "መራራ" ሆኗል። ቤቱ የመራራ ሻይ ቤት ተብሎ ነበር ያደረው።

ሮጬ ወደ ቤቴ መመለስ ነበር ያማረኝ። እግሬ ግን ወደ ውስጥ ወሰደኝ።

"ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ጸሐፊ ልፈልግልዎት?" አልኳቸው።

"ያጠፋሽው አንቺ፣ ሌላ ሰው ምን ቤት ነው?" አሉኝ። ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። "ሰዉ መራራ ከሆነ እንቅመሰው እያለ ሲገባ ነው የዋለ። ግን ወላሂ፣ እናቴ መራራ ሰው አልነበረችም። አስተካክዪው፣ ኢንታላ ቲያ።"

ልጄ ማለታቸው ነው። የዚያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሌላ ፊደል የሚገባበት ክፍተት ስላልተውኩ ከፊሉን ማስተካከል አይቻልም። ሙሉውን መስመር በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ነጭ ደግሜ ቀብቼ፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠበቅሁ። በዚያ ቀን የድሮ ባልደረባዬ ዘንድ ሄድኩ። በምሳ ሰዓቷ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሚረዝመውንና የሚያጥረውን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን እያነበበች አስጻፈችኝ። እንደዚያ እያልን ወር ያህል ቀጠልን። እስከ ዛሬ የኦሮምኛ ታፔላ ቀለም ከማስነካቴ በፊት ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

መሥሪያ ቤት እያለሁ ስሳሳት በነጭ ማጥፊያ ቀባ አድርጌ አልፈዋለሁ፤ ማንም አያይም። ደብዳቤው ቢያምርም ምስጋናው ለፈረመው ሰው ነው። እዚህ ግን ስህተቴን የገበያው ሰው በሙሉ አየው፤ ሳስተካክለውም ያው ሰው አየኝ። ሁለተኛውን ጽሑፍ ጨርሼ ስወርድ የመጀመሪያው ቀን እንባ አልመጣም። የመጣው እርጋታ ነበር። ይህን ሥራ እንደማልተወው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሥራው ቀስ በቀስ በዛ። እሁድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ፣ በመሃል ከሚሴ። የመድኃኒት ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የአይሱዙ የኋላ በር። ባቲ ላይ አንድ የአፋር ነጋዴ የሱቁ በር ላይ የሴት ልጁን ስም እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የምትሸጠው ዕቃ አይጻፍም ወይ ብዬ ስጠይቀው "እኔ አላነብም፤ እሷ ግን ትምህርት ልትጀምር ነው። ስሟን አባቷ በር ላይ ታግኘው" አለኝ። ያንን ስም ከጻፍኩት ሁሉ አስበልጬ ተጨነቅሁበት።

እናቴ ግን ስለ ሥራዬ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ አብረን ወደ ሰንበቴ በሚኒባስ ስንሄድ በመስኮት እያየች "ያ ያንቺ ነው" አለችኝ። ወዲያው "ያም ያንቺ ነው። ያኛው አይደለም" አለች። ልክ ነበረች።

"እማ፣ ሳታነቢ በምን አወቅሽው?"

"የአባትሽ እጅ እኮ ነው" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አጠገባችን ለነበረችው መንገደኛ ግን እስክንወርድ ድረስ ታፔላዎቼን በኦሮምኛ እያሳየቻት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማሽን የሚታተም ባነር መጣ። ጠዋት ያዘዘ ከሰዓት ይሰቅላል፤ ፎቶም ያስገባል። ሁለት ወር ሙሉ ብሩሼ ሳይረጥብ ቀረ። የድሮው መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁና ማመልከቻ ጻፍኩ። በእጄ ስለጻፍኩት ያምር ነበር። ይዤው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። በመስኮቱ ወንበሩ ይታያል፣ ጥላውም ይታያል። እውነቱን ለመናገር አማረኝ። ግን "የተሰጠሽን ጻፊ" ወደሚባልበት ተመልሼ መግባት አልቻልኩም። ማመልከቻውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ጨፋ ሮቢት ወርጄ አንድ ትምህርት ቤት ገባሁ። ግድግዳዎቹ ባዶ እንደሆኑ ከመንገድ አይቼ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ቀና አለ።

"ከየት ነው የላኩሽ?"

"ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

ለመናገር ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ይኸው ነው፤ ስናገረውም ደስ አለኝ። ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኩት፦ በአንዱ ግድግዳ የአማርኛ ፊደል፣ በሌላው ቁቤ፣ በክፍሎቹ መካከል ካርታ፣ የሰው አካል ክፍሎች፣ የማባዛት ሠንጠረዥ። የባነር ማሽን ግድግዳ ላይ አይወጣም።

"መጀመሪያ አንዱን ግድግዳ ሠርተሽ አሳዪን" አለኝ።

ቁቤውን መረጥኩ። ከሁሉ የሚከብደኝን። አራት ቀን ፈጀብኝ። ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻው ቀን ላይ መጥቶ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደ አነበበውና፣ ሄዶ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጥቶ ሰጠኝ፤ መሰላሌንና ቀለሜን የማስቀምጥበት። የቀሩትን ግድግዳዎች በዚያው ወር ጨረስኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ያዩ መምህራን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ጠሩኝ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። አሁን የምኖረው በዚህ ሥራ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ወርጄ ግድግዳው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ የሚቀጥለውን መስመር በዓይኔ እለካለሁ። ሲበቃኝ ተነሥቼ መሰላሉ ላይ እወጣለሁ።